ምን ታያለህ?

ሳላሀዲን አፉን ከዘጋ ዓመት አልፎታል። ድዳ ሆኖ አይደለም። ከሚስቱ ከሰፍያ ጋር ያወራል፣ ከጎረቤት ጋር ይጨቃጨቃል፣ እንሴኖ ገበያ ወጥቶ በበርበሬ ዋጋ ጉሮሮው እስኪደርቅ ይከራከራል። አፉ የተዘጋው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ክፋቱ፣ ያ ሰው በየማለዳው ነፍሱን በገመድ ጫፍ ለሳላሀዲን አስረክቦ ውሃ ላይ የሚወጣው ከድሮ መሆኑ ነው።

ይህ ነገር የሚገባው ውሃውን ላየ ሰው ነው። ከእንሴኖ ወጣ ብሎ፣ የበርበሬው ማሳ አልቆ ድንጋዩ ሲጀምር፣ መሬቱ ሳይታሰብ ይከዳል። ሜዳ ነው ብሎ የሚራመድ መንገደኛ ከእግሩ ሥር ክብ ገደል፣ ከገደሉም ሥር ሐይቅ መኖሩን የሚያውቀው አፋፉ ላይ ሲደርስ ነው። የተማሩት፣ ምድር በጥንት ጊዜ እሳት ተፍታ የተወችው ጉድጓድ ነው ይላሉ። ያልተማሩት የጂን ቤት ነው ይላሉ። የመንደሩ ሰው ግን ከሁለቱም ሳይጣላ ዝም ብሎ "ውሃው" ይለዋል። ጥልቀቱን የለካ የለም። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጡ ጎብኚዎች ድንጋይ በገመድ አስረው ቢለቁ፣ ገመዳቸው አለቀ እንጂ ድንጋዩ ወለል አልነካም።

እንዲያም ሆኖ ጥርት ያለ ነው። ወንዝ አይገባበት፣ ከብት አይወርድበት፣ ምን ያደፍርሰው? ገደሉ ወገብ ላይ ሰው ሊቆምበት የሚችል የድንጋይ እርከን አለ። ጠዋት ፀሐይን ከጀርባው አድርጎ እዚያ የቆመ ሰው ውሃ መኖሩን ይረሳል፤ አሳው ሲዞር፣ ቅጠሉ ሲሰምጥ፣ የዳሩ ድንጋይ ከሥር ሲያበራ ሁሉን ያያል። ውሃው ላይ የተቀመጠው ሰው ግን ሰማይንና የራሱን ፊት እንጂ ሌላ አያይም። ስለዚህ እዚያ አሳ ማጥመድ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ከታች እጅ ይሆናል፣ አንዱ ከላይ ዐይን። እጁ ከድሮ ነው፤ ዐይኑ ሳላሀዲን።

ሁለቱ አብረው ነው ያደጉት። የግብርና ሰዎች ከዝዋይ በጀሪካን የአሳ ጫጩት አምጥተው ውሃው ውስጥ ሲለቁ ሁለቱም ገና ጺም አላወጡም ነበር። አሳው ሲረባ ሰው ሁሉ "እባብ ነው" እያለ ተጸየፈው። የመጀመሪያውን ጠብሶ የበላው ከድሮ ነው። "ካልሞትኩ ነገ አንተ ትበላለህ" አለው ሳላሀዲንን። አልሞተም፤ በማግስቱ ሁለቱም በሉ። ከዚያ ከድሮ ሁለት የጭነት መኪና የጎማ ላስቲክ ነፍቶ በላያቸው ቀርከሃ ረበረበና ታንኳ ብሎ ጠራው። ሳላሀዲን ውሃ ይፈራል፤ በዚህም አፍሮ አያውቅም። "እኔን አላህ ለየብስ ነው የፈጠረኝ" ብሎ እርከኑ ላይ ወጣ። ገመዱ ከጓሯቸው እንሰት የወጣ ቃጫ ነው፤ ፋቂዋ ሰፍያ፣ ገማጁ ሳላሀዲን።

የሥራቸው ሕግ አጭር ነበር። ገመዱ ድንጋይ ላይ አይታሰርም፣ ሰው ወገብ ላይ ይጠመጠማል። "ድንጋይ አያይም" ይላል ከድሮ። ውሃው ላይ እንደ ወጣ ቀና ብሎ "ምን ታያለህ?" ብሎ ይጮሃል። ሳላሀዲንም ያየውን ይነግረዋል። "በቀኝህ መንጋ አለ! ገፋ በል! ትንሽ! እዚያ ጣል!" ገደሉ ክብ ስለሆነ ድምፁ ዞሮ ዞሮ ይመለሳል። ሜዳው ላይ ያሉ ሴቶች ይሰሙና "ዛሬም እብዶቹ ተነሥተዋል" ይባባላሉ።

የሚፈሩት ነፋሱን ነው። ፀሐይ ከፍ ስትል ከአፋፉ ቁልቁል ይወርድና ውሃው ላይ ያገኘውን ሁሉ ወደ ወዲያኛው ግድግዳ ይነዳል። ግድግዳው ቀጥ ያለ ድንጋይ ነው፤ እግር የሚቆምበት እርከን፣ እጅ የሚይዘው ሥር የለውም። ከዓመታት በፊት አንድ የጭነት መኪና ረዳት በላስቲክ ሊዋኝ ገብቶ ነፋሱ ወደዚያ ወሰደው። ሰው ከአፋፉ ላይ እያየው ድንጋዩን ሲቧጥጥ ቆየ፤ ደከመና ሰመጠ። አስከሬኑን ያወጣው ከድሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ነፋሱ ሳይነሣ ወደ ዳር መመለስን እንደ ሶላት ነው የሚጠብቀው። ቢዘገይ ደግሞ የሚስበው ሰው አለው፤ ገመዱ ለዚህ ነው።

ታዲያ እነዚህን ሰዎች ምን አጣላቸው? አሳ።

ቆሮሶ የሚባለው አሳ እናት እንቁላሏን የምትይዘው አፏ ውስጥ ነው። ከተፈለፈሉም በኋላ አደጋ ሲመጣ አፏን ትከፍትላቸዋለች፤ ጫጩቶቹ ተግተልትለው ይገባሉ። ሳላሀዲን ይህን ከእርከኑ ላይ ሆኖ ሲያይ ስንት ዓመት ኖረ። በትልቅነቱ ለአሳ ልብ መስጠቱን ለሰው አያወራውም እንጂ፣ ወራቸው ሲደርስ ቀድሞ የሚያየው እነሱን ነበር። እናቶቹ በሚሰበሰቡበት ጊዜ ዳሩ ላይ፣ ውሃው በማይጠልቅበት በኩል፣ መረብ እንዳይጣል የለመነው እሱ ነው። ከድሮም "ዐይኑ አንተ ነህ" ብሎ ተስማማ።

ባለፈው ዓመት ሁዳዴ ገባ። አሳ ያስገድፋል አያስገድፍም የሚለውን ካህናቱ ይጨርሱት፤ ቡታጅራ ያሉት የቢሮ ሰዎች ግን በልተው ጨርሰውታል። ቡታጅራ አሳ ቤት ያላቸው ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ በየቀኑ ይደውላሉ። "ከድሮዬ፣ የኔ ልጅ፣ ሰዉ ቆሞ ይጠብቀኛል!" ከድሮም ደግሞ ሲያቆላምጡት እምቢ ማለት አይችልም። አንድ ማታ ሳላሀዲን ለቅሶ በሄደበት መረቡን እናቶቹ መሀል ጣለው።

ጠዋት መረቡ ሲወጣ ሳላሀዲን ከላይ ሆኖ አየ። እናቶቹ ሲወራጩ ጫጩቶቹን ከአፋቸው ይተፉ ነበር። የተተፉት በመረቡ ቀዳዳ ወጥተው አልሸሹም፤ የሚገቡበት አፍ ፍለጋ እዚያው መረቡን ይዞራሉ። ከድሮ ግን ሰማይንና የራሱን ፊት ነው ያየው። ሳላሀዲን ንዴቱን ይዞ ከድሮን እስከ እንሴኖ ተከተለውና ገበያ መሀል፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ "ወላሂ፣ ስምህን ዳግመኛ በአፌ አልጠራም!" አለው። ከድሮ ሳቀ። "ለአሳ ልጅ ብለህ?" አለ። ነገሩን ያከረረችው ያቺ ሳቅ ናት።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነበር፤ ምክንያቱ የአሳ ጫጩት መሆኑን ሲሰሙ አንዱ ሳቁን መያዝ አቃተውና እርቁ እዚያው ፈረሰ። ስሙን አልጠራም ያለው ሰው ቀስ በቀስ መነጋገሩንም ተወ። ሥራው ግን አልቆመም። ሌላ ሰው ገመዱን ለመያዝ ዐይን፣ ሌላ ሰው ውሃው ላይ ለመውጣት ልብ የለውም። እናም በገመድ መነጋገር ጀመሩ። ከላይ አንድ ጊዜ ከተሳበ "ቁም"፣ ሁለት ጊዜ ከተሳበ "ጣል" ነው። ከታች ሦስት ጊዜ ከተሳበ "አውጣኝ" ነው። ያለ ሰላምታ ይገናኛሉ፣ ያለ ስንብት ይለያያሉ።

ቤት ውስጥም ሳላሀዲን መሐላውን ይጠብቃል። "ያ ሰው" ይላል፤ ካልሆነም "የሩፋይዳ ባል።"

"ያ ሰው ስም የለውም እንዴ?" ትለዋለች ሰፍያ ሆን ብላ።

"ዝም አይነቅዝም" ይላታል።

ዝምታም እንደሚነቅዝ ያየው በአንድ ዛፍ ምክንያት ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ትልቅ ግራር ከገደሉ ተነቅሎ ሰመጠና ከውሃው ሥር ገደሉ ላይ ተይዞ፣ ቅርንጫፉ ከውሃው ፊት ጥቂት ዝቅ ብሎ ቀረ። ከእርከኑ ላይ ቅርንጫፉ አንድ በአንድ ይታያል፤ ከውሃው ላይ ግን መኖሩም አይታወቅም። ዘንድሮ ሁዳዴ ተመልሶ ሲመጣ ከድሮ መረቡን በየማታው ወደዚያ እያስጠጋ መጣል ያዘ። ሳላሀዲን አየ። ትልልቁ አሳ ዛፉ ሥር እንደሚያድር ያውቃልና "ሆዳም!" ብሎ በልቡ ሰደበው። አንድ ማታ ገመዱን ስቦ "ቁም" አለው። ከድሮ ቆመ፣ ቀና ብሎ አየው፣ ሌላ ነገር ሲያጣ መረቡን እዚያው ጣለ። ከሥርህ እሾኻም ግራር አለ፣ ቅርንጫፉ መረብ ይይዛል ተብሎ በገመድ እንዴት ይነገራል? በአፍ የሚነገር ነገር ነበር። ሳላሀዲን አልተናገረም። "የራሱ ጉዳይ" ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ከድሮ እንደ ልማዱ ጫማውን አወለቀ፣ ሞባይሉን ጫማው ውስጥ ከተተ። ገደሉ ውስጥ ኔትወርክ ስለሌለ ከሰዓት ማያነት አያልፍም። ገመዱን ከታንኳው ፊት አሰረና ሌላውን ጫፍ ዞር ሳይል ወደ ኋላ ዘረጋ። ሳላሀዲንም ፊቱን ሳያይ ተቀብሎ እርከኑ ላይ ወጣ፣ ወገቡ ላይ ጠመጠመው።

መረቡ ጫፉ ወጣ። ከድሮ ጥቂት አሳ ፈልቅቆ ማዳበሪያ ውስጥ ከተተ። ከዚያ አልወጣ አለው። ሳበ፤ እምቢ። በወዲህ ዞሮ ሳበ፤ እምቢ። በወዲያ ዞረ። ሳላሀዲን ከላይ ሆኖ መረቡ የተጠመጠመበትን ቅርንጫፍ ያያል። "አሁን ይተወዋል፣ አሁን ይተወዋል" ይላል በልቡ። ወለተጊዮርጊስ ያቆላመጡት ሰው መረብ ትቶ አይመጣም። እየዞረ ሳለ ውሃ ጠጥቶ የከበደው ገመድ ሰመጠና በወፍራሙ ቅርንጫፍ ሥር ሾልኮ አለፈ።

ሳላሀዲን ደነገጠ። ቶሎ ብሎ አንድ ጊዜ ሳበ። "ቁም" ማለቱ ነው። ስበቱ ቅርንጫፉ ጋ ደርሶ ቀረ። ከድሮ ምንም አልተሰማውም። ደግሞ ሳበ። ገመዱ እጁ ውስጥ ሞቷል።

ፀሐይዋ ከፍ አለች። ከአፋፉ ላይ ያለው ሣር ሲተኛ ሳላሀዲን ከጀርባው ሰማው፤ ነፋሱ መጣ። ታንኳው ወደ ወዲያኛው ግድግዳ ተገፋ፣ ገመዱ ከቅርንጫፉ ሥር ተወጠረ፣ የታንኳው ፊት ወደ ውሃው ዘቀጠ። ከድሮ ተንሸራቶ ጎኑን ያዘ። ገመዱን ጨብጦ ሦስት ጊዜ ሳበ፤ አውጣኝ። ክንዱ ሲሄድና ሲመለስ ሳላሀዲን በዐይኑ አየ፣ በእጁ ግን ምንም አልደረሰውም። በሙሉ ኃይሉ ሳበ። ውሃው ቀርከሃው ላይ ወጣ። ስበቱ ታንኳውን ወደ እሱ አያመጣውም፣ ቁልቁል ነው የሚያሰምጠው። ለቀቀለት።

ከድሮ ቀና ብሎ አየ። ያን ፊት ሳላሀዲን ከልጅነቱ ያውቀዋል፣ ምን እንዳሰበም ያለ ቃል ገባው። በገመዱ ሲጠራው የማይመልስለት ሰው። ቁልቁል ወደ ውሃው የሚስበው ሰው። ወይ ገመዱን ድንጋይ ላይ አስሮ ተቀምጧል፣ ወይ ጨርሶ ከፍቶበታል። ከድሮ እጁን ወደ ወገቡ ሰደደና ቢላዋውን አወጣ።

ቢቆርጠው የታንኳው ፊት ከውሃው ይነሣል፤ ልክ ነው። ከዚያ ነፋሱ ይወስደዋል። የረዳቱ ጣቶች የቧጠጡት ድንጋይ እዚያ ማዶ ነው።

"አንተ!" ብሎ ጮኸ ሳላሀዲን። "ኧረ አንተ ሰውዬ! አትቁረጥ!"

"አንተ" ገደሉን ዞረና ከየአቅጣጫው ተመለሰ፤ የቀረውን ነፋሱ በላው። ከድሮ ሰምቷል፤ ትከሻው ሲነቃነቅ ታይቷል። ግን አልዞረም። ዓመት ሙሉ በስሙ ያልጠራው ሰው ዛሬ ውሃ ሲገባ አንተ ቢለው ስድብ ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል? ቢላዋው ቃጫው ላይ አረፈ። አንድ ዘለላ ተበጠሰ። ሌላውም ተከተለ።

እዚህ ላይ የሚፈርድ አይጠፋም። የሰው ነፍስ እያለ መሐላ ማለት ምንድነው ይላል። እርከኑ ላይ ያልቆመ ሰው እንዲህ ማለት ይቀለዋል። የሳላሀዲን ችግር መሐላው ብቻ አልነበረም። ስሙን ለመጥራት አፉን ሲከፍት ምላሱ ላይ አጣው። ዓመት ሙሉ በንዴት የቆለፈበት ስም ነው፤ በሩ ዝጓል። ሁለት ጊዜ አፉን ከፈተ፣ ሁለት ጊዜ አየር ብቻ ወጣ። ያን ጊዜ የተሰማውን ፍርሃት በሕይወቱ አያውቀውም። ሦስተኛው ዘለላ ሲበጠስ አየ።

"ከድሮ!"

ገደሉ ስሙን ተቀብሎ አዞረው። ከድሮ፣ ከድሮ፣ ከድሮ እያለ ከግድግዳ ግድግዳ ሄደ። ቢላዋው ቆመ። ከድሮ ቀስ ብሎ ቀና አለ፤ ፊቱ ላይ ንዴቱ ነበረ፣ ፍርሃቱም ነበረ። ከዚያ ዓመት ሙሉ ያልተሰማው ድምፁ ከታች መጣ።

"ምን ታያለህ?"

ሳላሀዲን ወደ እርከኑ ጫፍ ጠጋ አለ። "ዛፍ አለ!" አለ። "ከሥርህ ግራር አለ! ገመዱ ቅርንጫፍ ሥር ገብቶብኝ ነው! መሳብ አልችልም!"

"ምን ላድርግ?"

"መረቡን ቁረጥ! ገመዱን ተው፣ መረቡን!"

ከድሮ መረቡን አየ። ለአንድ አፍታ አየው። ከዚያ ቆረጠው።

"አሁን ወደ ዛፉ ተመለስ!"

"ነፋሱን ተቃርኜ?"

"ነፋሱን ተቃርነህ! ገመዱ ሲላላ ነው የሚወጣው። በግራህ! ቅዘፍ!"

ከድሮ ቀዘፈ። በጣውላ ነው የሚቀዝፈው፤ አንድ ክንድ ይሄዳል፣ ግማሹን ነፋሱ ይመልሰዋል። ሳላሀዲን ከላይ ይመራዋል። "ትንሽ! ደግሞ! አይ፣ በዛ፣ ወደ ቀኝ! እሾኹ አጠገብህ ነው!" ይህን ብሎ ሳይጨርስ ከታንኳው ሥር አረፋ ተግተልትሎ ሲወጣ አየ። አንዱ ላስቲክ ተወግቷል። ከድሮም የታንኳው ጎን ሲረግብ አወቀና ድምፁ ተቀየረ።

"ሳላሀዲን፣ እየተነፈሰ ነው!"

"አያለሁ። ገመዱን አንሣና በቀኝህ፣ ከቅርንጫፉ ጫፍ አሳልፈህ ወርውረው። አሁን!"

ገመዱ ከቅርንጫፉ ሥር ሸርተት ብሎ ወጣ። በእጁ ውስጥ እንደገና ሲነቃ ሳላሀዲን ተሰማው። ወገቡን ወደ ኋላ ጥሎ፣ እግሩን ድንጋዩ ላይ ተክሎ መሳብ ጀመረ። አሁን ደግሞ የተበጠሰውን ቦታ ያያል። ከድሮ የቆረጠው ጋ ገመዱ ቀጥኖ ተንጨፍርሯል። ቢፈጥን ይበጠሳል፣ ቢዘገይ ላስቲኩ አየሩን ይጨርሳል። ቀስ ብሎ፣ ሳያቋርጥ፣ ሰፍያ የፋቀችውን ቃጫ በልቡ እየለመነ ሳበ። ከድሮ ባልተወጋው ጎን ተለጥፎ ውሃውን በእጁ ይገፋል።

ዳሩ ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው የተንጨፈረረው ቃጫ ተበጠሰ። ሳላሀዲን ወደ ኋላው ወደቀ። ተነሣና ከእርከኑ ወረደ፤ እንዴት እንደወረደ አያስታውስም። ለየብስ የተፈጠረው ሰው ልብሱን ሳያወልቅ ውሃው ውስጥ ገባ። እስከ ደረቱ ሲደርስ ብርዱ ትንፋሹን ያዘው፤ እጁን ዘርግቶ ቀርከሃውን ጨበጠና ወደ ዳር ጎተተ።

ድንጋዩ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፣ ሁለቱም ይንቀጠቀጣሉ። ታንኳው በአንድ ጎኑ ተኝቷል። ማዳበሪያው ውስጥ የቀሩት አሳዎች አልፎ አልፎ ይወራጫሉ።

የሳላሀዲን ፍርሃት ወደ ንዴት ተለወጠ። "ለምን ዛፉ ጋ ጣልከው?" አለ። "ስንት ቦታ እያለ! ለሆድህ ብለህ ነው?"

ከድሮ ጫማው ውስጥ ያለውን ሞባይል እያየ፣ ሳያነሣው፣ "ዳሩ ላይ እናቶቹ አሉ ብለህ የለ?" አለ። "ወራቸው ነው። ሌላ ወዴት ልጣለው?"

ሳላሀዲን ወደ ውሃው ዞረ። በየማታው መረቡ ወደ ዛፉ ሲጠጋ ያየው፣ በየማታው "ሆዳም" ያለው ትዝ አለው። ይህ ሰው ያላየውን ነገር አምኖ፣ ለሳቀበት ነገር ነፍሱን እሾኽ ላይ ሲጥል ከርሟል፤ አንድ ቀን እንኳ አየኸኝ አላለም። ሁሉን አያለሁ የሚለው ዐይን ይህን አላየም። አፈረ። ከድሮ ማዳበሪያውን ትከሻው ላይ አነሣና፣ እንደ ዓመቱ ሁሉ ያለ ስንብት፣ ገደሉን ወጣ።

ከዙህር ሶላት በኋላ ሳላሀዲን መስጊድ ሄዶ ለሼኹ ነገራቸው። ሼኹ ጺማቸውን እያሻሹ ሰሙት። "ለፈረሰ መሐላ ማካካሻው፣ ከፋራው፣ ዐሥር ድኾች ማብላት ነው፤ እሱን ታደርጋለህ" አሉት። "ስሙን መጥራትህ ግን ጥፋት አይደለም፣ ልጄ። ጥፋቱ መጀመሪያውኑ መማልህ ነው።"

"እሱንም ያወቅሁት ዛሬ ነው፣ ሼኽ" አለ።

በማግስቱ፣ በከፋራው ቀን፣ ሰፍያ ቆጮ ጋገረች፣ ጎመን ከተፈች፣ አይብ አወጣች። ሩፋይዳ በማለዳ መጥታ ያን የማዳበሪያ አሳ በራፉ ላይ አስቀምጣ ሄዳ ነበር፤ ማን እንደላካት አልተናገረችም፣ ሰፍያም አልጠየቀቻትም። ጠበሰችው። ሳላሀዲን ከገበያው ዳርና ከመስጊዱ ደጅ ድኾቹን ሰብስቦ አመጣ። ተቀመጡ። ሳህኑ ዐሥር ነው፣ የተቀመጡት ዘጠኝ። ዐሥረኛው፣ አንድ ዐይነ ስውር ሽማግሌ፣ ታመው ቀርተዋል ተባለ። ምግቡ ቀርቧል፣ እንግዶቹ ይጠብቃሉ፣ ሳላሀዲን ሳህን ይዞ በሩ ላይ ቆሞ መንገዱን ያያል።

በመንገዱ የመጣው ከድሮ ነው። ዓመት ሙሉ ያልረገጠው ደጃፍ ጋ ሲደርስ ቆመ። ውስጡን ተመለከተ፣ ሳህኑን ተመለከተ።

"አሰላሙ አለይኩም። አንድ ሰው ጎደለ ሲሉ ሰማሁ" አለ።

"ወአለይኩም ሰላም። የጎደለው ድኻ ነው" አለ ሳላሀዲን። ድምፁን ሊያጠነክር ሞክሮ አልሆነለትም። "አንተ መሬት አለህ፣ ቤት አለህ። በምን ድኻ ልበልህ?"

ከድሮ እንደ ገበያው ቀን ሊስቅ መስሎ ነበር። አልሳቀም። "ውሃው ላይ ቢላዋውን ይዤ ቀና ስል ማንም አልነበረኝም" አለ። "ሰው የሌለው ነው ድኻ።"

ሰፍያ ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች። ሳላሀዲን ሳህኑን በሁለት እጁ ዘረጋለት።

"ከድሮ፣ ግባ" አለ። "አሳው ሳይቀዘቅዝ።"

ሼኹ ቢሰሙ ቁጥሩ ሞላ ይሉት እንደሆን እንጃ። ለጥንቃቄ ሳላሀዲን በማግስቱ ለታመሙት ሽማግሌ ሳህን ይዞ ሄደ። ከድሮም አብሮት ሄደ። አዲሱ መረብ የት እንደሚጣል መንገዱን በሙሉ ሲጨቃጨቁ ሰዉ ሰማቸው።